በማይታመን መረብ ላይ እምነትን መገንባት፤ የዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድኖችና የተሰራጨ ሶፍትዌር ደኅንነት ታሪክ፣ ከ1975 እስከ 1999

መግቢያ

ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሳይተያዩ፣ አንዱም የሌላውን ድምፅ ሳይሰማ፣ የደረሳቸው መልእክት ከትክክለኛው ሰው መላኩን በምን ሊያረጋግጡ ይችላሉ? ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ንጉሥ ከንጉሥ፣ ነጋዴ ከነጋዴ በመልእክተኛ በሚገናኝበት ዘመን ሁሉ የነበረ ነው። ማኅተም የተቀረጸው፣ ዋስ የተጠራው፣ ምስክር የቆመው ለዚሁ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት የመጨረሻ ሩብ ግን ጥያቄው ባልተጠበቀ መልክ ተመልሶ መጣ። ተነጋጋሪዎቹ ኮምፒዩተሮች፣ መንገዱም ማንም አላፊ አግዳሚ ጆሮውን ሊጥልበት የሚችል ሽቦ ሆነ።

በዚህ ጽሑፍ የምንዳስሰው በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የነበሩ ጥቂት የዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድኖች ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ያደረጉትን ጥረት ነው። ዓላማችን የኮምፒዩተር ሣይንስ ትምህርት መስጠት አይደለም፤ ለዚያ የሚበቁ መጻሕፍት ሞልተዋል። እኛን የሚያሳስበን የዕውቀቱ አካሄድ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት የደኅንነት ሥርዓት እንዴት ተወለደ? ስሕተቱን ማን አገኘው? ሲገኝስ ደራሲዎቹ ምን አሉ? የምናቀርበው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሥርዓቱ የጸናው ከመጀመሪያው እንከን የለሽ ሆኖ ስለተሠራ ሳይሆን፣ እንከኑ በአደባባይ እየተነገረ ስለታረመ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ለአንባቢያን ከወዲሁ ለማሳሰብ እንወዳለን።

1. ከአንድ ማሽን ወደ ብዙ ማሽኖች

በ1960ዎቹ ዓመታት አንድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ቢኖረው እንደ ሀብታም ይቆጠር ነበር። መምህራንና ተማሪዎች ያንን አንድ ማሽን ተራ በተራ፣ ኋላም በአንድ ጊዜ ተካፍለው ይጠቀሙበት ነበር። የደኅንነት ጉዳይ የተነሣውም በዚሁ መካፈል ምክንያት ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያይ እያንዳንዱ ሰው የይለፍ ቃል ተሰጠው። ይሁን እንጂ የይለፍ ቃሎቹ ዝርዝር ራሱ በማሽኑ ውስጥ የተቀመጠ በመሆኑ፣ ዝርዝሩን ያገኘ ሰው ሁሉን አገኘ ማለት ነበር።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ካቀረቡት መካከል የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ሮጀር ኒድሃም አንዱ ናቸው። በካምብሪጅ ይሠራበት በነበረው ታይታን በተባለው ኮምፒዩተር ላይ የይለፍ ቃሉ እንዳለ አይቀመጥም ነበር። ሊቀለበስ በማይችል የሒሳብ ስሌት ተለውጦ ነው የሚቀመጠው። ስንዴ ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ ግን ተመልሶ ስንዴ አይሆንም። ሰውየው የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ ማሽኑ እንደገና ይፈጨዋል፤ ከዚያም ዱቄትን ከዱቄት ጋር ያስተያያል። ይህ ዘዴ የላቦራቶሪው ኃላፊ ሞሪስ ዊልክስ በ1968 ባሳተሙት መጽሐፍ ተገልጾ ለሁሉም ሰው ደረሰ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ዘዴው በግልጽ ቢታወቅም ጥንካሬው አልቀነሰም።

ይህንኑ ሐሳብ እንደ መርሕ አድርገው ያስቀመጡት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በተለምዶ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው ተቋም፣ አብረው የሠሩት ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር ናቸው። በ1975 ባወጡት ጥናት፣ የአንድ ሥርዓት ደኅንነት በጠላት አለማወቅ ላይ ሊመሠረት አይገባውም፤ ንድፉ ለሁሉም ሰው ይገለጥ፤ ምስጢር ሆኖ የሚቀረው ቁልፉ ብቻ ይሁን የሚል አቋም ያዙ። እነዚህን ሁለት ስሞች አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን። ኋላ በታሪኩ ውስጥ ሁለቱም በየፊናቸው ተመልሰው ይመጣሉና።

በዚያው ዘመን አንዱ ትልቅ ማሽን በብዙ ትናንሽ ማሽኖች መተካት ጀመረ። ማሽኖቹ በመረብ ተያያዙ። አንዱ ፋይል ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ያትማል፤ ሦስተኛው ደብዳቤ ያደርሳል። ሥራው በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ተከፋፍሎ ሳለ ለተጠቃሚው እንደ አንድ ሆኖ የሚታየውን ፕሮግራም ነው የተሰራጨ ሶፍትዌር የምንለው። ጥቅሙ ግልጽ ነበር። ጉዳቱም እንደዚሁ። ቀድሞ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎ የነበረው ነገር አሁን በየኮሪደሩ በተዘረጋ ሽቦ ይጓዝ ጀመር። የይለፍ ቃልም አብሮ ተጓዘ።

2. የ1978ቱ ጽሑፍና የዋሱ ሐሳብ

በታኅሣሥ 1978 ኒድሃም፣ በዚያን ጊዜ ከኤም.አይ.ቲ. ወደ ዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ተዛውረው ከነበሩት ከሽሮደር ጋር ሆነው አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። በተሰራጨ ሶፍትዌር ደኅንነት ታሪክ ውስጥ የዚህን ጽሑፍ ያህል ውጤት ያፈራ ጥቂት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሐሳቡ መሠረት ለእኛ ማኅበረ ሰብ እንግዳ አይደለም። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ውል ለመዋዋል ሲፈልጉ ሁለቱም የሚያውቁት አንድ ዋስ ይፈልጋሉ። በመረቡም ላይ እንደዚሁ ሁሉም የሚያምኑት አንድ ኮምፒዩተር ይኖራል። ይህ ዋስ ከእያንዳንዱ ተጠቃሚ ጋር የየብቻ ምስጢራዊ ቁልፍ አለው። አንደኛው ወገን ከሁለተኛው ጋር ለመነጋገር ሲፈልግ ወደ ዋሱ ይልካል። ዋሱም ለዚያ አንድ ንግግር ብቻ የሚያገለግል አዲስ ቁልፍ ፈጥሮ ሁለት ቅጂ ያዘጋጃል። አንዱ ቅጂ በጠያቂው ቁልፍ የተቆለፈ ነው። ሌላው በተጠያቂው ቁልፍ የታሸገ ነው፤ ጠያቂው ይሸከመዋል እንጂ ሊከፍተው አይችልም። ተጠያቂው ይህን የታሸገ መልእክት ከፍቶ ሲያነብ፣ ይህን ሊያሽግ የሚችል ከዋሱ በቀር ማንም የለም ብሎ ይቀበላል። ሁለቱ የይለፍ ቃላቸውን አንዱ ለሌላው ሳይነግሩ፣ በሽቦውም ላይ ሳይልኩ ተማመኑ ማለት ነው።

ደራሲዎቹ በጽሑፋቸው መደምደሚያ ላይ ያሰፈሩት ማሳሰቢያ ከራሱ ከዘዴው ባልተናነሰ ሊታወስ የሚገባው ነው። እንዲህ ያለው የመግባቢያ ሥርዓት በተለመደው አሠራር በማይታይ እጅግ ረቂቅ ስሕተት ሊጠቃ እንደሚችልና ትክክለኛነቱን የሚመረምር ስልት እንደሚያስፈልግ ገልጸው፣ ሌሎች ምሁራን በጉዳዩ እንዲገቡበት ጋበዙ። ሠርተው ሲያበቁ ሥራችሁን ፈትሹልን ማለታቸው ነው።

ግብዣው ብዙም ሳይቆይ ተቀባይ አገኘ። በ1981 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዶሮቲ ዴኒንግና ጆቫኒ ሳኮ አንድ ቀዳዳ አሳዩ። አንድ ሰላይ ያገለገለ የንግግር ቁልፍ በሆነ መንገድ እጁ ቢገባ፣ የቀድሞውን የታሸገ መልእክት ቀድቶ ካስቀመጠው እንደ አዲስ ሊልከው ይችላል። ተቀባዩ መልእክቱ የዛሬ ይሁን የዓምና የሚለይበት ምልክት የለውም። ዴኒንግና ሳኮ ያቀረቡት መድኃኒት በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ሰዓቱና ቀኑ እንዲጻፍ ነው። ኒድሃምና ሽሮደርም በ1987 ወደ ሥራቸው ተመልሰው ቀዳዳውን በሌላ ዘዴ የሚደፍን ማሻሻያ አሳተሙ። ከመጀመሪያው ጽሑፍ 9 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

3. የአቴና ፕሮጀክት

በወረቀት ላይ የነበረው ሐሳብ ሥጋ የለበሰው በኤም.አይ.ቲ. ነው። ተቋሙ በ1983 ከዲጂታል ኢኩዊፕመንትና ከአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያዎች ጋር ተባብሮ የአቴና ፕሮጀክት የተባለውን ሥራ ጀመረ። ዓላማው ኮምፒዩተርን በመላው ግቢ ማሠራጨትና ማንኛውም ተማሪ በየትኛውም ማሽን ፊት ቢቀመጥ የራሱን ፋይል እንዲያገኝ ማድረግ ነበር። ፕሮጀክቱ እስከ ሰኔ 1991 ድረስ ዘልቋል። ከቴክኒክ መሪዎቹ አንዱ ከላይ የጠቀስናቸው ጀሮም ሳልትዘር ነበሩ።

ችግሩ ወዲያውኑ ተከሠተ። ወርክስቴሽን የሚባሉት እነዚያ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ሌሊትና ቀን ለሁሉም ክፍት በሆኑ አዳራሾች ውስጥ ነበሩ። ብልህ ተማሪ ማሽኑን አጥፍቶ በፈለገው መንገድ ሊያስነሣው፣ የበላይ አዛዥነቱን ሊይዘውና በሽቦው የሚያልፈውን ሁሉ ሊያነብ ይችል ነበር። የፕሮጀክቱ ሰዎች ይህን ለመከልከል ዘበኛ ከማቆም ይልቅ እንደማይቀር አድርገው ተቀበሉት። የተማሪው ማሽን አይታመንም፤ ሽቦውም አይታመንም። ሊታመን የሚችለው በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ያለው ዋስ ብቻ ነው። አበው ጠርጥር ከገንፎ አይጠፋም ስንጥር የሚሉትን የንድፋቸው መነሻ አደረጉት ማለት ይቻላል።

ከዚህ የወጣው ሥርዓት ከርቤሮስ ይባላል። ስሙ በግሪኮች አፈ ታሪክ የሙታንን ዓለም በር ከሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ የተወሰደ ነው። በሰፊው የታወቀውን አራተኛውን ዕትም በዋነኛነት የነደፉት ስቲቭ ሚለርና ክሊፎርድ ኑማን ናቸው። መሠረቱ የ1978ቱ የኒድሃምና የሽሮደር ዘዴ ሲሆን፣ ዴኒንግና ሳኮ ያሳሰቡት የሰዓት ምልክት ተጨምሮበታል። ተማሪው ጠዋት አንድ ጊዜ የይለፍ ቃሉን በማሽኑ ላይ ይጽፋል፤ ቃሉ ግን ከማሽኑ አይወጣም። ዋሱ ለተወሰኑ ሰዓቶች ብቻ የሚያገለግል ትኬት ይሰጠዋል። ተማሪው ከዚያ በኋላ ፋይሉንም፣ ደብዳቤውንም፣ ማተሚያውንም የሚያገኘው በዚህ ትኬት አማካይነት ነው። ሰዓቱ ሲያልፍ ትኬቱ ዋጋ ያጣል።

ቡድኑ ንድፉን ለማስረዳት የተጠቀመበት ዘዴም የሚያስገርም ነው። ቢል ብራያንት በ1988 በአራት ትዕይንት የተከፈለ ጭውውት ጻፉ። አቴና የተባለችው ገጸ ባሕርይ አንድ ሥርዓት ነድፋ ታቀርባለች፤ ዩሪፒዲስ የተባለው ባልደረባዋ ቀዳዳውን ያሳያታል፤ እሷም አሻሽላ ትመለሳለች። እንዲህ እየተባለ ከሞላ ጎደል ከርቤሮስ በአንባቢው ዓይን ፊት ይገነባል። ተቺው የታሪኩ ጠላት ሆኖ አልተሣለም። ያለ እሱ ሥራው አይጠናቀቅም።

በዚያው ዓመት፣ ኅዳር 2 ቀን 1988፣ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት እንዳልነበር የሚያሳይ አደጋ ደረሰ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የለቀቀው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም፣ በወቅቱ በተሰጠው ግምት ወደ 6,000 የሚሆኑ ኮምፒዩተሮችን አጨናነቀ። ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ማሽኖች በስም ብቻ እርስ በርስ የሚተማመኑበት ልማድ ነበር። አንዱ ማሽን እኔ እገሌ ነኝ ሲል ሌላው ያለ ማስረጃ በሩን ይከፍትለት ነበር። በጥር 1989 ኤም.አይ.ቲ. የከርቤሮስን አራተኛ ዕትም ለሕዝብ ሲለቅ፣ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የዋሱን አስፈላጊነት ከመከራ ተምረውት ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን በዚህ መንገድ ኤም.አይ.ቲ. ብቻውን እንዳልሄደ መግለጽ ይገባል። በፒትስበርግ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ከአይ.ቢ.ኤም. ጋር ባካሄደው የአንድሩ ፕሮጀክት፣ ማሃዴቭ ሳትያናራያናንና ባልደረቦቻቸው በሺህ ለሚቆጠሩ ወርክስቴሽኖች የሚሆን የጋራ የፋይል ሥርዓት ሠርተዋል። እነሱም በተቆለፈ ክፍል ባሉት አገልጋይ ማሽኖችና በማይታመኑት የተጠቃሚ ማሽኖች መካከል ግልጽ ድንበር አበጅተው፣ ያንኑ የ1978ቱን ዘዴ ተጠቅመዋል። ሁለት ቡድኖች በሁለት ከተሞች ወደ አንድ ድምዳሜ መድረሳቸው የሐሳቡን ጥንካሬ ያመለክታል።

4. የመርማሪዎች ዘመን

ከርቤሮስ ከተሠራጨ በኋላ ውዳሴ ብቻ አልገጠመውም። በ1990 በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠሩ የነበሩት ስቲቨን ቤሎቪንና ማይክል ሜሪት ጉድለቶቹን አንድ በአንድ ዘርዝረው አወጡ። ሥርዓቱ በሰዓት ላይ የሚደገፍ ከሆነ፣ የማሽኑን ሰዓት ማሳሳት የቻለ ሰው ጊዜው ያለፈበትን መልእክት ሊያስቀብል ይችላል አሉ። ደግሞም ማንም ሰው በሌላው ስም ትኬት ጠይቆ፣ የታሸገውን መልስ ቤቱ ወስዶ፣ የይለፍ ቃሉን በግምት ሲሞክር ሊያድር ይችላል አሉ። በመስከረም 1993 ጆን ኮልና ክሊፎርድ ኑማን የአምስተኛውን ዕትም ዝርዝር ሲያወጡ፣ አራተኛውን ያስነቀፉ በርካታ ጉድለቶች ታርመው ነበር።

ከዚህ ይልቅ የከበደው ትምህርት በ1996 መጣ። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በዩጂን ስፓፎርድ ይመራ የነበረው የምርምር ቡድን ሁለት ተማሪዎች፣ ብሪን ዶልና ስቲቭ ሎዲን፣ የአራተኛውን ዕትም የፕሮግራም ጽሑፍ ሲመረምሩ፣ ዋሱ ለየንግግሩ የሚፈጥረው ቁልፍ እንደሚባለው በዘፈቀደ የሚመረጥ አለመሆኑን ደረሱበት። በደንቡ ቁልፉ 56 ቢት ርዝመት ስላለው ሰላዩ ከ72 ሺህ ትሪሊዮን በላይ ግምት መሞከር ነበረበት። ይሁን እንጂ ቁልፉ የሚቀመረው ከማሽኑ ሰዓትና ከመሳሰሉት ለመገመት ከማያስቸግሩ ቁጥሮች በመሆኑ፣ በተግባር አንድ ሚሊዮን ያህል ሙከራ ብቻ ይበቃ ነበር። ይህም በሰኮንዶች የሚያልቅ ሥራ ነው።

በሩ ጠንካራ፣ መዝጊያውም ጥሩ ነበር፤ ቁልፉ ግን ከደጃፉ ድንጋይ ሥር ተቀምጦ ኖሯል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ፕሮግራሙ በግልጽ የታተመ፣ ማንም ሊያነበው የሚችል መሆኑ ነው። ስሕተቱ 10 ዓመት ያህል ሳይታረም ኖረ። መርማሪዎቹ ራሳቸው እንዳመለከቱት ግልጽነት ብቻውን ለትክክለኛነት ዋስትና አይሆንም። ሁሉም ሌላው ሰው አይቶታል ብሎ ካመነ፣ በአደባባይ የተሰጣ ጽሑፍም እንደተቆለፈ ይቆጠራል። የ1975ቱ መርሕ ንድፉ ይገለጥ ይላል፤ የ1996ቱ ልምድ ደግሞ የተገለጠውን ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ይኑር ይላል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአትላንቲክ ማዶ ነው። የኒድሃምና የሽሮደር ጽሑፍ ሁለት ዘዴዎችን የያዘ ነበር። እስካሁን የተረክነው የመጀመሪያውን ሲሆን፣ ሁለተኛው ይፋዊ ቁልፍ በሚባለው የምስጢር ጽሕፈት ጥበብ ላይ የተመሠረተ ነው። በ1989 ማይክል ባሮውስ፣ ማርቲን አባዲና ራሳቸው ኒድሃም እንዲህ ያሉትን ሥርዓቶች በአመክንዮ ሕግ ለመመርመር የሚያስችል ስልት አወጡ፤ ይህንንም ዘዴ ፈተሹት። ያም ሆኖ አንድ ነገር አመለጣቸው። በ1995 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጋቪን ሎው፣ አንድ የመረቡ ሕጋዊ አባል የሆነ ከሐዲ፣ ከሌላው ጋር የጀመረውን ቅን ንግግር ተጠቅሞ በዚያ ሰው ስም ሦስተኛውን ወገን ሊያታልል እንደሚችል አሳዩ። በተከታዩም ዓመት፣ የሥርዓቱን ሁኔታዎች አንድ በአንድ የሚፈትሽ ፕሮግራም ይህን ጥቃት እንዴት ሊያገኘው እንደሚችል አስረዱ። ማረሚያው እጅግ ቀላል ነበር፦ በሁለተኛው መልእክት ውስጥ የመላሹን ስም መጨመር።

አንድ ስም ጎደለ፤ 17 ዓመትም ሳይታወቅ ቆየ። ለእውነት ሲባል ግን አንድ ነገር መጨመር ይኖርብናል። በ1978 ደራሲዎቹ ያሰቡት ጠላት ከውጭ የሚያደባ እንጂ ከአባላቱ መካከል የሚነሣ አልነበረም። ስሕተቱ በስሌታቸው ውስጥ ሳይሆን ጠላት ማን ነው ለሚለው ጥያቄ በሰጡት መልስ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። ወደዚህ ነጥብ ጥቂት ቆይተን እንመለሳለን።

5. ዕውቀትና ድንበር

ከርቤሮስ በአሜሪካ ለሁሉም የተፈቀደ ቢሆንም ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው ግን አልተፈቀደም። በዚያን ጊዜ በነበረው የአሜሪካ ሕግ የምስጢር ጽሕፈት ሶፍትዌር ከጦር መሣሪያ ጋር ተመድቦ ስለነበር፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ ወደ ውጭ መላክ ክልክል ነበር። ኤም.አይ.ቲ. ከሕጉ ጋር ላለመጋጨት ምስጢር ቆላፊውን ክፍልና ወደ እሱ የሚያመለክተውን ሁሉ ከፕሮግራሙ አወጣ። የቀረው አካል አጥንት ተብሎ ተሰየመ፤ ሥጋው ተገፎ አጽሙ ቀርቷልና።

ውጤቱ የሕግ አውጪዎቹ እንዳሰቡት አልሆነም። በአውስትራሊያ የቦንድ ዩኒቨርሲቲው ኤሪክ ያንግ የጎደለውን ክፍል ከታተሙት ጽሑፎች በመነሣት ራሳቸው ጽፈው በአጥንቱ ላይ መለሱለት። በስቶክሆልም የንጉሣዊው የቴክኖሎጂ ተቋም ሰዎች የራሳቸውን ሥርዓት አዘጋጁ፤ ኋላም አምስተኛውን ዕትም እንደ አዲስ ጽፈው ሄይምዳል አሉት፤ በኖርዲኮች አፈ ታሪክ የአማልክቱ ዘበኛ ስም ነው። አሜሪካ በጥር 2000 ሕጉን በእጅጉ ስታላላ፣ የተከለከለው ዕውቀት በሌሎች አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች እጅ ከገባ ዓመታት አልፈውት ነበር። አንድ ሐሳብ አንዴ በግልጽ ከታተመ በኋላ የሚከለከለው ዕቃው እንጂ ዕውቀቱ እንዳልሆነ ይህ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል።

በዚህ መካከል የቁልፉ ዕድሜም እያለቀ ነበር። በሐምሌ 1998 በአሜሪካ የሚገኝ አንድ የዜጎች መብት ተሟጋች ድርጅት፣ ከ250,000 ዶላር በታች በሆነ ወጪ ባሠራው ማሽን፣ ከርቤሮስ ይደገፍበት የነበረውን ባለ 56 ቢት የምስጢር ጽሕፈት በ56 ሰዓት ውስጥ ሰበረው። አምስተኛው ዕትም ግን ከመጀመሪያው አንዱን የምስጢር ጽሕፈት በሌላ ለመተካት እንዲመች ሆኖ ስለተነደፈ፣ ቤቱ ሳይፈርስ መዝጊያው ተለወጠ።

6. ዋሱ ራሱ ቢከዳስ?

እስካሁን የተረክነው ሁሉ በአንድ ግምት ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ዋሱ አይከዳም የሚል ነው። ያ በተቆለፈው ክፍል ያለው ማሽን ቢሰበር ሥራ ይቆማል። በጠላት እጅ ቢወድቅ ደግሞ ሁሉም ሰው ተከዳ ማለት ነው። ሎው እንዳሳዩት ከሐዲው ከውስጥ ሊነሣ የሚችል ከሆነ፣ እምነትን ሁሉ በአንድ ቦታ ማከማቸት ራሱ አደጋ ነው።

ይህን ጥያቄ በሒሳብ ቋንቋ ያስቀመጡት በካሊፎርኒያ በሚገኘው ኤስ.አር.አይ. የምርምር ተቋም የነበሩት ሌስሊ ላምፖርት፣ ሮበርት ሾስታክና ማርሻል ፒዝ ናቸው። በ1982 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድን ከተማ የከበቡ ጄኔራሎችን በምሳሌነት ወሰዱ። ጄኔራሎቹ የሚገናኙት በመልእክተኛ ብቻ ነው፤ ከመካከላቸውም ከሐዲዎች አሉ። ታማኞቹ በአንድ ሐሳብ እንዲጸኑ ስንት መሆን አለባቸው? መልሱ፣ ቃላቸውን የሚያረጋግጥ ፊርማ ከሌላቸው፣ አንድ ከሐዲ ለመቋቋም ቢያንስ አራት ጄኔራሎች ያስፈልጋሉ የሚል ነው። ለሁለት ከሐዲዎች ሰባት፣ ለሦስት አሥር እያለ ይሄዳል።

ላምፖርት ኋላ እንደጻፉት፣ ጄኔራሎቹን መጀመሪያ ሊያደርጓቸው ያሰቡት አልባኒያውያን ነበር፤ አልባኒያ በዚያን ጊዜ በሯን በዓለም ላይ የዘጋች አገር ስለነበረች የሚቀየም አንባቢ አይኖርም ብለው ነው። አንድ ባልደረባቸው ግን ከአልባኒያ ውጭ የሚኖሩ አልባኒያውያን በዓለም ላይ እንዳሉ አሳሰቧቸው። በዚህ ምክንያት ጄኔራሎቹ የጠፋው የቢዛንታይን መንግሥት ሰዎች ሆነው ቀሩ። ከአገር ርቆ የሚኖር ሰው መኖሩ እንኳ እንደሚዘነጋ ለምናውቅ ለእኛ ይህች ትንሽ ታሪክ ትርጉም አላት።

ለረጅም ዘመን ይህ ጥናት በተግባር ለማዋል እጅግ ውድ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ያንን ግምት የለወጠው እንደገና አንድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። በኤም.አይ.ቲ. ባርባራ ሊስኮቭ ከብራያን ኦኪ ጋር በ1988 አንድን አገልግሎት በበርካታ ማሽኖች ላይ ደርቦ የማቆየት ዘዴ አቅርበው ነበር፤ ማሽን ቢሰበር እንጂ ቢከዳ ግን አይቋቋምም። በ1999 ሊስኮቭ ከተማሪያቸው ከሚጌል ካስትሮ ጋር ሆነው ክሕደትንም የሚቋቋም ሥርዓት አወጡ። ዘዴውን በፋይል አገልግሎት ላይ ሲሞክሩት፣ በአንድ ማሽን ብቻ ከሚሠራው የተለመደ አገልግሎት የዘገየው በ3 በመቶ ብቻ ነበር። አንድ ዋስ በአራት ዋሶች ተተካ፤ ከአራቱ አንዱ ቢዋሽ እውነት አይጠፋም። ሊስኮቭ የ2008ን፣ ላምፖርት ደግሞ የ2013ን የቱሪንግ ሽልማት አግኝተዋል።

7. መደምደሚያ

የተጓዝንበትን መንገድ መለስ ብለን ስንመለከተው አንድ ሥርዓት ይታየናል። ካምብሪጅ የጀመረውን ፐርዱ ነቀፈው፤ ኤም.አይ.ቲ. ነቀፌታውን ተቀብሎ ሠራበት። የኤም.አይ.ቲ.ን ሥራ ቤል ላቦራቶሪዎች፣ ቀጥሎም እንደገና ፐርዱ ነቀፉት። የካምብሪጅን ሌላ ገጽ ኦክስፎርድ አረመው። አሜሪካ የዘጋችውን አውስትራሊያና ስዊድን ከፈቱት። ከርቤሮስ ማይክሮሶፍት በ2000 ላወጣው የዊንዶውስ ዕትም የማንነት ማረጋገጫ ሆኖ በዓለም መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ሲገባ፣ የገባው ኤም.አይ.ቲ. የነደፈው ብቻ ሳይሆን ተቺዎቹ ሁሉ እጃቸውን ያሳረፉበት ሥራ ነው። የነቃፊዎቹ ስም ከሠሪዎቹ ስም ጋር እኩል በታሪኩ ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል።

ይህን ታሪክ ለዚህ መጽሔት አንባቢያን ለማቅረብ የመረጥነው ስለ ኮምፒዩተር ብቻ ስለሚናገር አይደለም። በስደት የምንኖር ምሁራን በየጉባኤያችን የምናየው አንድ ሕመም አለ። የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ሲተች፣ ደራሲው እንደተሰደበ፣ ተቺውም እንደ ባላጋራ ይቆጠራል። ወዳጅ የወዳጁን ስሕተት አይቶ ዝም ይላል፤ ጠላት ደግሞ ያልነበረውን ስሕተት ይፈጥራል። ከሁለቱ መካከል ሥራው ሳይመረመር ይቀራል። ዝምታው ወዳጅነትን ይጠብቅ እንደሆነ እንጂ ሥራውን አይጠብቀውም። የከርቤሮስ ቁልፍ 10 ዓመት ከድንጋይ ሥር የኖረው ጠላት ስለበዛበት ሳይሆን መርማሪ ስላጣ ነው።

ይህ ልማድ ደግሞ ከባሕላችን የመጣ ነው ብለን ልናመካኝ አንችልም። በቅኔ ቤታችን ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ በየኔታ ፊት ይቀርባል፤ ጓደኞቹ እየሰሙ ይነግራል፤ ቤቱ የጎደለ፣ ምሥጢሩ ያልተሳካ እንደሆነ በዚያው ይታረማል። የታረመ ተማሪ አይቀየምም፤ በማግስቱ ሌላ ቅኔ ቆጥሮ ይመለሳል። በ1978 ሁለት ሰዎች ሥራችንን መርምሩልን ብለው የጻፉት ማሳሰቢያ ከዚህ የተለየ አልነበረም። መረቡ አይታመንም፤ ማሽኑ አይታመንም፤ ዋሱም ቢሆን ሊከዳ ይችላል። እምነት የሚገነባው እርስ በርስ በመመራመር፣ የተገኘውን ስሕተት በመናገርና የተነገረውን በማረም ብቻ ነው።